ጆሮ ያቆየውን ለጆሮ መመለስ

ዛሬ የምናገረው በጆሮ ስለሚነበብ መጽሐፍ ነው። ሬዲዮ የለመደ ሰው ‹‹ትረካ›› ይለዋል፤ በስልኩ የሚያዳምጠው ወጣት ‹‹ኦዲዮ ቡክ›› ይለዋል፤ እኔ የድምፅ መጽሐፍ እለዋለሁ። ርእሱም በሰሜን ምድር ከተሰበሰብንበት ከዚህ አዳራሽ የራቀ አይደለም። ከሊማሊሞ አፋፍ እስከ ወገራ ሜዳ፣ ከጃን አሞራ እስከ ጠለምት ቆላ ብዙ መቶ ዓመት የኖሩት፣ ብረት የቀጠቀጡት፣ ሸክላ የሠሩት፣ የሰው መሬት ያረሱት፣ በግእዝ የጸለዩት ቤተ እስራኤል ናቸው። የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። የእነዚህ ሰዎች ሕይወት፣ ታሪክና ማንነት ለልጅ ልጅ የሚደርስበት ተገቢው መልክ የድምፅ መጽሐፍ ነው፤ ያ መጽሐፍ በአማርኛ መሠራት አለበት፤ ሲሠራም የውጭ ሰው የጻፈውን ተርጉሞ ማንበብ አይበቃም፤ የራሳቸው አረጋውያንና እዚህ የቀሩት ጎረቤቶቻቸው ድምፅ መሰብሰብ አለበት። ይህን የምለው አዲስ መሣሪያ ስላስጎመጀኝ አይደለም። ምክንያቴ ታሪኩ ራሱ እስከ ዛሬ የቆየበት መንገድ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሰሜን ቤተ እስራኤል በዘመኑ የተጻፈውን እንመልከት። ከዋናዎቹ ምንጮች አንዱ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል ነው። ንጉሡ በ16ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ላይ በሰሜን አምባዎች የመሸገውን የቤተ እስራኤል መሪ ረዳኢን፣ ከእርሱም በኋላ የተነሡትን መሪዎች እንዴት እንደ ወጋ ጸሐፊው በግእዝ ይተርካል። ከዚያ መካከል አንባቢ የማይረሳው ክፍል አለ። አንዲት የተማረከች ሴት እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ ስትነዳ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትደርስ አዶናይን ጠርታ ራሷን ወረወረች፤ የታሰረችበትንም ሰው ይዛው ወደቀች። ጸሐፊው የንጉሡ ወገን ነው፤ ሆኖም መደነቁን መሸሸግ አልሆነለትም። ይህች ሴት ግን ስም የላትም። እናቷ ማን እንደ ሆነች፣ መንደሯ የት እንደ ነበር አልተጻፈም። የተረፈው በመጨረሻ ከአፏ የወጣው ጩኸት ነው፤ እሱም የተረፈው ማራኪዎቿ ስለ ሰሙት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከቤተ እስራኤሉ መሪ ከጌዴዎን ጋር የተደረገውንም ጦርነት የሚነግረን የዐፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕል ነው፤ እሱም ከአሸናፊው ድንኳን ሆኖ የተጻፈ። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደር መጥቶ ስለ ሰሜን አይሁድ ነገሥታትና ስለ አይሁድ አምባ ሲጽፍ በእንግዳ ዐይን ነበር። ሄንሪ ስተርን በ1860 እ.ኤ.አ. የመጣው ደግሞ ሃይማኖታቸውን ሊያስለውጥ ነው፤ መጽሐፉም በዚሁ መንፈስ ተጻፈ።

በቤተ እስራኤል በራሳቸው እጅ የነበረውስ? ኦሪት ነበራቸው፤ ትእዛዘ ሰንበት ነበራቸው፤ ሞተ ሙሴና ሌሎችም በግእዝ የተጻፉ የሃይማኖት መጻሕፍት ነበሯቸው። እነዚህ ግን ስለ ሰንበት ክብርና ስለ አባቶች ቃል ኪዳን እንጂ ስለ ሰሜን አምባ አይናገሩም። የነገሥታታቸውን የጌዴዎንንና የዮዲትን ዝና፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ምንኩስናን መሠረተ የሚሉትን አባ ጽብራን፣ ከዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ቤት ወጥቶ ተከተለው የሚሉትን ጸጋ አምላክን፣ አባ ማህሪ በ1862 እ.ኤ.አ. ሕዝቡን አስከትሎ በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ሊሄድ ተነሥቶ ትግራይ ላይ በረሃብና በበሽታ የተበተነውን ጉዞ፣ ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. የነበረውን የክፉ ቀን እልቂት፣ ይህን ሁሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገረው አንደበት ነው። ቄስ የሚሆን ልጅ ከመነኩሴ እግር ሥር ተቀምጦ ጸሎቱን ከነዜማው በቃሉ ያጠና ነበር። በዚህ በሰሜን፣ መናጣ በሚባለው ቦታ፣ የቤተ እስራኤል መነኮሳት መንደር የነበረው ለዚህ ትምህርት ጭምር ነው። እንግዲህ ያለን መዝገብ ሁለት ዓይነት ነው፤ የተዋጋቸው ወይም ሊለውጣቸው የመጣው ወገን ብዕር በአንድ በኩል፣ የእነሱ የራሳቸው ቃል በሌላ በኩል። የመጀመሪያው ታትሞ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል። ሁለተኛው ያለው በአረጋውያን ደረት ውስጥ ነው፤ በየዓመቱም ይቀንሳል።

ዛሬ ስለ አይሁድ ሕይወትና ታሪክ የሚተርኩ የድምፅ መጻሕፍት በእንግሊዝኛና በዕብራይስጥ በብዛት ይገኛሉ። ስለ ኢትዮጵያ አይሁድ ፈልጎ የሚያዳምጥ ሰው በቀላሉ የሚያገኘው ግን በአብዛኛው የመውጣቱን ታሪክ ነው። ለምሳሌ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የራፊ በርግ ‹‹የቀይ ባሕር ሰላዮች›› በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሞ በድምፅም ቀርቧል። የእስራኤል ሰላዮች በሱዳን ጠረፍ አሩስ በሚባል ቦታ የመዝናኛ መንደር ከፍተው ሰዎችን በሌሊት ወደ ባሕር እንዴት እንዳወጡ ይነግረናል። የመንገዱን ፈር የቀደደውን ፈረደ አክሉምንም አይዘነጋም፤ የተደከመበት ሥራ ነው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ ከሱዳን 8,000 ያህል ሰው በአውሮፕላን መወሰዱን፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ 36 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ መነሣቱን የሚያወሱ ሌሎች ሥራዎችም አሉ። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ነገር ግን አድማጩ አውሮፕላኑ ሲነሣ ይጀምራል፣ ሲያርፍ ይጨርሳል። ከዚያ በፊት የነበረው ረጅም ኑሮ ለትረካው መግቢያ የሚሆን አንድ አንቀጽ ብቻ ይሆናል። ከጠለምትና ከወልቃይት ተነሥተው በሱዳን ወዳለው ወደ ኡም ራኩባ መጠለያ ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ያለቁት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ እነሱም በትረካው ውስጥ ቁጥር ናቸው። ጀግናው መርከብ የያዘው ሰው ነው፤ ልጇን አዝላ ተከዜን የተሻገረችው እናት ተሳፋሪ ሆና ቀረች። የዚህ ጉድለት ምንጭ የደራሲዎቹ ክፋት አይደለም። የሰላዩ ማኅደር ተጽፏል፤ የእናቲቱ ማኅደር ድምፅ ነው፤ ደራሲ ደግሞ የተጻፈውን ተከትሎ ይሄዳል።

‹‹ታዲያ ድምፁን ሰምቶ በወረቀት ማሳተም አይበቃም ወይ?›› የሚል ጥያቄ ይነሣል። በቂ የማይሆነው ለማንኛውም መጽሐፍ በሚሠራ ምክንያት ሳይሆን፣ የዚህ መጽሐፍ አንባቢዎች እነማን እንደ ሆኑ ስለምናውቅ ነው። በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ። እዚያ የተወለዱት ልጆች የተማሩት በዕብራይስጥ ነው። ብዙዎቹ ፊደላችንን አይለዩም፤ አያታቸው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ሲያወሩ ግን ከቤት የለመዱት ቋንቋ ስለሆነ ይብዛም ይነስ ይከተላሉ። ለእነዚህ ልጆች በፊደል የታተመ መጽሐፍ የተዘጋ በር ነው፤ በዕብራይስጥ የተተረጎመውም የአያታቸውን አነጋገር፣ የሰሜኑን ቅላጼ አውልቆ የሚመጣ ነው። በዚህ በኩል ደግሞ በጃን አሞራና በበየዳ፣ በአምባራስም ዙሪያ፣ በቤተ እስራኤል ጉርብትና ያደገው ገበሬ ብዙ ጊዜ ማንበብ የሚችልበት ዕድል አላገኘም። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከማንም ይበልጥ የእኔ ነው ሊሉ የሚገባቸው ሁለት ወገኖች፣ የሄዱት የልጅ ልጆችና የቀረው ጎረቤት፣ በወረቀት ላይ አይገናኙም። የሚገናኙት በሚሰማ አማርኛ ነው። ከክርክሬ ሁሉ ይህን አጥብቄ እይዛለሁ።

ማዳመጥ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ጭምር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ዘመዶቹ አደረጋቸው። እስከ ዛሬ ያን መጽሐፍ ገልጦ የሚያነብ ሰው በገጹ ላይ የወጋየሁን ድምፅ እንደሚሰማ የሚናገረው ብዙ ነው። ከዚያም በፊት በዚሁ በጎንደር አውራጃ የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት የቆመው በቃል ነው፤ መምህሩ ግእዙን ያወርዳል፣ በአማርኛ አንድም እያለ ይተረጉማል፣ ተማሪው በጆሮው ይቀበላል። የቤተ እስራኤልም ሥርዓት ይህንኑ ይመስላል። በስግድ በዓል ቀን ሕዝቡ ጾሞ፣ ነጭ ለብሶ ተራራ ይወጣል፤ ቄሶቹ ኦሪቱን ተሸክመው ይወጣሉ፤ ከኦሪትና ከነቢያት በግእዝ ይነበባል፣ ከዚያ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጎማል። በተራራው ላይ የቆመው ሰው አብዛኛው ማንበብ አይችልም ነበር። ነገር ግን መጽሐፉን ያውቀዋል፤ ቃል ኪዳኑ በጆሮው ታድሶ ይመለሳል። የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። በዕብራይስጥም ቅዱስ መጽሐፍ ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱ ‹‹ሚቅራ›› ነው፤ ሥሩ ጮኾ ከማንበብ ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ የድምፅ መጽሐፍ በዚህ ሕዝብ ላይ ከውጭ የሚጫን ልብስ አይሆንበትም።

በሌላው ዓለም የተሠራ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ዪዲሽ የሚባል ቋንቋ ነበራቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተገደሉት 6 ሚሊዮን አይሁድ አብዛኞቹ ተናጋሪዎቹ ነበሩ፤ የተረፉትም ልጆች በየሄዱበት አገር ቋንቋ አደጉ። በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ በሚገኘው የአይሁድ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቋንቋውን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠጡ በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበው ልቦለዱን፣ ትዝታውን፣ አጫጭር ታሪኩን እያነበቡ በካሴት ቀዱ። ከመቶ በላይ መጻሕፍት ናቸው። በ1980 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው የዪዲሽ መጻሕፍት ማእከል በኋላ ቅጂዎቹን ወደ ዲጂታል ቀይሮ ለማንም እንዲደርሱ አደረገ። አንባቢዎቹ ባለሙያ ተዋናዮች አልነበሩም፤ እያንዳንዱ በተወለደበት አገር ቅላጼ አነበበ። ዛሬ ያን ቋንቋ የሚማር ወጣት ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ሊያገኝ ይችላል፤ ቃሉ በቪልና ወይም በዋርሶ ሰው አፍ ሲወጣ ምን እንደሚመስል የሚያገኘው ግን ከእነዚያ ቅጂዎች ነው። ካሴቱ ላይ ያነበቡት ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል። ዛሬ እንጀምር ቢባል በእነሱ ቅላጼ የሚያነብ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ ለዐይነ ስውራን አይሁድ መጻሕፍትን በብሬልና በድምፅ የሚያዘጋጅ ተቋምም ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። አይሁድ በዓለም ዙሪያ ድምፅን እንደ መጽሐፍ መያዝ ከጀመሩ ቆይተዋል ማለት ነው፤ የሰሜኑ ወገናቸው ድምፅ ግን በዚያ መደርደሪያ ላይ ገና ቦታ አላገኘም።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። ‹‹የሰው ትዝታ ይሳሳታል፤ አረጋዊ ሰው የሰማውን ከኖረው ጋር ያደባልቃል፤ አፈ ታሪክን በድምፅ መጽሐፍ አትመን ታሪክ ብንለው ልጆቹን እናሳስታለን›› ይባላል። ይህን ተቃውሞ አላቃልለውም። ዮዲትና ጌዴዎን በቃል ሲነገሩ የአንዱ ዘመን በሌላው ላይ ይደረባል፤ ዓመትና ቁጥር ከአንደበት አይጠበቅም። ነገር ግን ድምፅ ተናጋሪው ያላሰበውን ማስረጃ ይዞ ይመጣል። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሼለሜይ በ1973 እ.ኤ.አ. አምቦበር በሚባለው የቤተ እስራኤል መንደር ጸሎታቸውን ቀዳች። ቅጂውን ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ገዳማት ሥርዓት ጋር ስታነጻጽር በንባቡም፣ በቅደም ተከተሉም፣ በዜማውም የጠበቀ ዝምድና አገኘች፤ ውጤቱን በ1986 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣችው። ይህ ግኝት ሁሉንም ሰው አላስደሰተም፤ ሥርዓቱ በቀጥታ ከጥንት ኢየሩሳሌም መጣ ለሚለው ሰው ፈታኝ ነበር። በሌላ በኩል ግን ምንኩስናን ያመጣልን ከክርስቲያን ወገን የመጣው አባ ጽብራ ነው ከሚለው ከራሳቸው ከቤተ እስራኤል የቃል ትውፊት ጋር ገጠመ። የተጻፈ ማስረጃ በሌለበት ቦታ ዜማ መሰከረ፤ የመሰከረውም ድምፅ ስለ ተቀዳ ነው።

የአገውኛውም ነገር እንዲሁ ነው። የቤተ እስራኤል ጸሎት በግእዝ ይሁን እንጂ በመካከሉ የአገው ቃላትና ሙሉ ክፍሎች አሉት። ቋንቋው ከቅማንትኛ ጋር የሚዛመድ ሲሆን በዕለት ኑሮ መነገሩ ካበቃ ቆይቷል። ቄሶቹ ራሳቸው የአንዳንዱን ቃል ፍቺ አያውቁትም፤ ቃሉ ሳይጠፋ የቆየው ዜማው ስላቀፈው ነው። አንድ ሕዝብ ትርጉሙን እንኳ ያጣውን ቃል አክብሮ ለዘመናት ሲያሻግር፣ ትዝታው እንዲሁ እንደ ነፋስ የሚወዛወዝ ነው ማለት አይቻልም። እዚህ ላይ የቅዱስ ያሬድን ነገር ማንሣት ደስ ይለኛል። ከተራሮቻችን አንዱ አባ ያሬድ ይባላል፤ በኦርቶዶክስ ትውፊት ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ በመጨረሻ የተሰወረው በዚህ በሰሜን ነው። የቅርብ ጊዜ ጥናት እንደሚያሳየው ቤተ እስራኤልም በዚሁ ተራራ ያሬድን ያከብሩት ነበር። ኢትዮጵያ ዜማን ሰጠኝ የምትለውን ሰው ሁለት ሃይማኖት በአንድ ተራራ ሥር አክብሮታል። ይህን እውነት ከወረቀት ይልቅ ሁለቱን ዜማ ጎን ለጎን ያስቀመጠ የድምፅ መጽሐፍ ለማንም ሰው ያስረዳዋል። ስለዚህ ለተቃውሞው የምሰጠው መልስ ትዝታን እንደ ወረደ እንመን የሚል አይደለም። አዘጋጁ ሽማግሌውን ያስናግር፤ ቀጥሎ በራሱ ድምፅ ዜና መዋዕሉ ምን እንደሚል፣ ተመራማሪው ምን እንዳገኘ ይናገር። አድማጩ ሁለቱን ይሰማል፣ ይመዝናል።

‹‹ታዲያ ቅጂው አለ እኮ›› የሚል ሊኖር ይችላል። በእርግጥ አለ። ዎልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጥቶ ስለ ቤተ እስራኤል አጥንቷል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈረንሳይና የእስራኤል ተመራማሪዎች ቄሶቹን ኢየሩሳሌም ላይ አሰባስበው የዓመቱን ጸሎት በሰፊው ቀድተዋል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲም የኦሪት ጠባቂዎች በሚል መርሐ ግብር ቄሶች ኦሪትን በቃል የሚተረጉሙበትን መንገድ ከማኅበረሰቡ ተወላጆች ጋር ያጠናል። እነዚህ የከበሩ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም በማኅደር የተቀመጠ ቅጂ ገና መጽሐፍ አልሆነም። ቅጂው ለተመራማሪ ቁጥር ተሰጥቶት የተቀመጠ ጥሬ ነገር ነው፤ መጽሐፍ የሚሆነው አንድ ሰው መርጦ፣ አሰናድቶ፣ ያልታወቀውን አስረድቶ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ሰጥቶ ሲያቀርበው ነው። ደግሞም የተቀዳው በብዛት ጸሎት ነው። የዕለት ኑሮው፣ የሰሜንና የወገራ መንደር ሕይወት፣ ከዚያ ውስጥ በጥቂቱ ነው ያለው።

የዕለት ኑሮው ግን ለጆሮ የተሠራ ነው። ዐርብ ፀሐይ ሳትገባ በቤተ እስራኤል መንደር እሳት ይጠፋል፤ ወናፉ ዝም ይላል፤ ሰው ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠባል። በሌላው ቀን ያ መንደር በመዶሻ ድምፅ የሚታወቅ ነበር። ክርስቲያኑ ገበሬ የደነዘዘ ማረሻውን ይዞ ይመጣል፤ ቆሞ ይጠብቃል፤ ስለ አዝመራው ያወራል። ሴቶቹ ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ ጋኑን ሠርተው ወደ ገበያ ያወጣሉ። በንጽሕና ሥርዓታቸው የተነሣ ከሌላው ሰው ጋር አይነካኩም፤ ጎረቤቱም ከዚህ የተነሣ ‹‹አትንኩኝ›› ይላቸው ነበር። በጸሎት ቤታቸው፣ እነሱ መስጊድ በሚሉት፣ ነጋሪትና ቃጭል ይመታል። ይህን ሁሉ በሚገባ የሚተርክ መጽሐፍ ወናፉን ማሰማት ይችላል፤ የባለእጁን ልጅ ብረት ሲግል ምን ዓይነት ቀለም ላይ ማውጣት እንዳለበት ሲናገር ማሰማት ይችላል፤ ማረሻውን የገዛውን ገበሬ፣ ዛሬ ሸምግሎ፣ ማረሻው ስንት ክረምት እንዳገለገለው ሲያወራ ማሰማት ይችላል። የወገራ ሰው አማርኛና ከጠለምት ማዶ የመጣው ሰው ትግርኛ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሲገናኙ፣ ቤተ እስራኤል አንድ ወጥ መንደር እንዳልነበሩ አድማጩ ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

ሃይማኖታዊ ጥንቃቄ የሚያነሡ ሰዎች አሉ፤ ትክክል ናቸው። በሰንበትና በበዓል መቅጃ መክፈት ሥርዓቱን መጣስ ነው፤ ጸሎት ለሽያጭ እንዲሆን የማይወድ ቄስም አለ። ስለዚህ ከጸሎት የሚገባው ቄሶቹ የፈቀዱት፣ ከጸሎት ሰዓት ውጭ የተባለው ብቻ ይሁን፤ የተናጋሪው ስምና መብት ይጠበቅ፤ ቅጂው ለቤተሰቡ ይመለስ። ይህ ሥራውን የሚያዘገይ እንጂ የሚከለክል አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው የቁስሉ ነገር ነው። ‹‹ያለፈውን ማንሣት ጠብ መቆስቆስ ነው›› የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን አለ። በትውፊቱ መሠረት ከ1413 እስከ 1430 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አወጀ፤ ፈላሻ የሚለውም ስም፣ ርስት የሌለው ፈላሲ ማለት፣ ከዚያ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ቤተ እስራኤል ይህን ስም እንደ ስድብ ስለሚሰሙት እኔም በዚህ ንግግር በእሱ አልጠራቸውም። ብረት የሚቀጠቅጠውን ባለእጅ ቡዳ ማለት፣ በሌሊት ጅብ ይሆናል ማለት፣ ሰው በታመመ ጊዜ እነሱን መጠርጠር በዚህ አገር የነበረ ነገር ነው፤ በዚህ ምክንያት የተደበደበና ከመንደሩ የተሰደደ ሰው ነበር። ይህን የማይናገር መጽሐፍ የውሸት መጽሐፍ ይሆናል። ሲነገር ደግሞ ከበደለኛው ወገን የተወለደ ሰው ድምፅ በመጽሐፉ ውስጥ ቢኖር ይሻላል፤ እናቱ ‹‹ወደዚያ መንደር አትሂድ›› ትለው የነበረውን፣ አባቱ ግን ማረሻ ሊያሠራ በየሳምንቱ ይሄድ የነበረውን በአንድ እስትንፋስ የሚናገር ሰው። በጽሑፍ ‹‹መገለል ነበረ›› ሲባል አንባቢው አልፎት ይሄዳል። አንድ የ70 ዓመት ሰው ቃሉ እየተቆራረጠ ያን ሲናገር ግን የሚሰማው ልጅ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ቁስሉን የሚያመረቅዘው መሸፈኑ ነው፤ በእስራኤል ያሉት ልጆች ከአያቶቻቸው በግማሹ ሰምተውታል፣ እኛም በግማሹ እናውቀዋለን፤ ሁለቱ ግማሾች ተገናኝተው አያውቁም።

‹‹እነሱ ሄደዋል፣ ታሪካቸውን እዚያው ይጻፉ፤ ለእኛ ምናችን ነው?›› ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልገውም። ለዘመናት ማረሻችንን የሠራው፣ ወጣችን የበሰለበትን ድስት የሠራው፣ በሰሜን ነገሥታት ዜና ውስጥ የገባው ሕዝብ የእኛ ታሪክ ክፍል ነው። መቃብራቸው እዚህ ነው፤ የመነኮሳቱ ፍርስራሽ እዚህ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዋልያውና ገደሉ ታስበዋል። በእነዚያ ገደሎች ላይ የኖረውን ሰው ታሪክ መመዝገብ ግን የእኛ ድርሻ ነው። እዚያ ያሉት ብቻቸውን ቢሠሩት የመንደሩ ግማሽ ይጎድላል፤ እኛም ብቻችንን ብንሠራው እንዲሁ።

መሣሪያ አይከብድም። ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ እንኳ ዘፈንና ስብከት በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፤ የድምፅ መጽሐፍም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ለሌላው ሬዲዮ አለ። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው መቅዳቱን፣ መሰብሰቡንና ማሰናዳቱን ሊጀምሩት ይችላሉ። በእስራኤል ካሉት ቄሶችና ወጣቶች ጋርም በጋራ ቢሠሩ ቅጂው በሁለቱም አገር ይቀመጣል፤ በተመራማሪዎች ማኅደር ያለው የጸሎት ቅጂም ጸሎቱ ወደተወለደበት ተራራ ይመለሳል። የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። በ1977 ዓ.ም. ጎረቤቶቹ በሌሊት ሲወጡ ያየ የ20 ዓመት ወጣት ዛሬ 60 ደርሷል ወይም ተሻግሯል፤ በዚያን ጊዜ 50 የነበረው በአብዛኛው የለም።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ወጣቶች፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አባታችሁንና እናታችሁን፣ አያት ያላችሁም አያታችሁን ጠይቋቸው። ማረሻውን ማን ሠራላችሁ? ጋኑ ከማን ተገዛ? ባለቤቱ ማን ይባል ነበር? ልጆቹስ? መቼ ሄዱ፣ ከመሄዳቸው በፊት ምን አሏችሁ? ስልካችሁን ከፍታችሁ አጠገባቸው አስቀምጡ፤ አታቋርጧቸው፤ ስሙንና መንደሩን፣ ቀኑንም ጨምራችሁ አስቀምጡት። በዕብራይስጥ የሚያድግ አንድ ልጅ የአያቱን ስም በሰሜን ሰው አፍ ሲጠራ የሚሰማው ከዚያ ቅጂ ነው።